ባለ ሦስት ቋጠሮው ሲባጎ

ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የሩፊዳ አክስት ሙባረካ አንድ ሲባጎ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ሳሎን ገቡ።

ሩፊዳ ሰዓቱን የምታስታውሰው ዓይኗን የምታሳርፍበት ሌላ ነገር ስላጣች ነው። ሲባጎውን ማየት አልቻለችም። አባቷን ማየት አልቻለችም። በሩ ላይ በሲሚንቶ የነጣ እጁን አጣምሮ የቆመውን ግንበኛውን ሰፍዋንን ማየት ደግሞ ከሁሉም ይከብድ ነበር። ስለዚህ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«ይኸ ምንድን ነው?» አሉ አባቷ ሐጅ ኢሳ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው።

«የሚስትህ ልክ ነው» አሉ ሙባረካ። የሐጅ ኢሳ ታላቅ እህት ስለሆኑ ወንድማቸውን የሚፈሩበት ምክንያት የለም። «ባኞ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ከጎኑ በእርሳስ ‹ወ/ሮ ዋሲላ› ተብሎ ተጽፏል። ወስጄ አጠገቧ ዘረጋሁት። ከራሷ እስከ ተረከዟ ነው፣ ኢሳ። ቁመቷ ነው።»

የሰሊጥ ጆንያ የሚሰፋበት ተራ ሲባጎ ነበር። ሦስት ቦታ ተቋጥሯል።

በእነሱ ሰፈር ሰው በሲባጎ የሚለካው አንዴ ብቻ ነው። ሰው ሲሞት መቃብር ቆፋሪዎቹ ልኩን ያስጠይቃሉ፤ ከቤቱ ሴቶች አንዷ ሟቹን ከራሱ እስከ ተረከዙ ለክታ፣ ቋጥራ ትልካለች። በዚያ ልክ ይቆፈራል፤ ሲባጎውም እዚያው አፈር ውስጥ ይቀራል። በሕይወት ያለን ሰው፣ ያውም አልጋ ላይ የዋለን፣ በሲባጎ መለካት ምን እንደሚባል ስም እንኳ አልወጣለትም፤ የሚያደርገው ሰው የለማ።

ሐጅ ኢሳ ሲባጎውን ተቀበሉና መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ማን ለካት?»

ሩፊዳ የያዘችው ሰርቪስ ላይ ሦስት ብርጭቆ ከርከዴ ነበር። ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ሲነካኩ ሰማቻቸው። አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ» አለ ሰፍዋን።

እውነት አልነበረም።

* * *

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ነው። ወይዘሮ ዋሲላ አንድ ጠዋት ከሶላት ሲነሱ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ ምላሳቸውም ተሳሰረ። ከዚያ ወዲህ የሚሉትን የምትሰማ ሩፊዳ ብቻ ሆነች። ሐጅ ኢሳ ገበያ ላይ ከሁለት አገር ነጋዴ ጋር በሦስት ቋንቋ ሲከራከሩ የሚውሉ ሰው፣ የሠላሳ ዓመት ሚስታቸውን ቋንቋ ሳይሰሙ ቀሩ። መኝታ ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ፤ «ምን አለች?» ይላሉ፤ ሩፊዳ ትነግራቸዋለች፤ ይሄዳሉ።

በጋው ሲከር ሌላ ችግር መጣ። ሚያዝያ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ የጣራ ቆርቆሮ የሚንጫጫበት ወር ነው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ ጀርባው ፍራሽ አይችልም። ሩፊዳ ላስቲክ አንጥፋ፣ ጨርቅ ነክራ፣ እናቷን አልጋ ላይ ታጥባለች። ግን የጀርባቸው ቆዳ መላጥ ጀመረ። የጎንደሩ ሐኪም «ውሃ ውስጥ ይቀመጡ፣ በየቀኑ» አለ። ሐጅ ኢሳም ባኞ ቤቱ ፈርሶ ከጎኑ ካለው ዕቃ ቤት ጋር እንዲገጠምና ገንዳ እንዲገባበት ወሰኑ። ሠራተኛ ሲያጠያይቁ ሁሉም ሰው የነገራቸው አንድ ስም ነበር፤ ሰፍዋን።

ሰፍዋን የወሎ ልጅ ነው፣ የከሚሴ። ወደ ቆላው የወረደው ከስምንት ዓመት በፊት ሰሊጥ ሊያጭድ ነው፤ ሳሉግ እንደሚባለው የአጨዳ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ጋቢና አንድ ማጭድ ይዞ። ከአጨዳው ወደ ገዳሪፍ ተሻገረ፤ እዚያ ሴራሚክ ማንጠፍና ቧንቧ መዘርጋት ተማረ፤ ሱዳን ስትታመስ ተመለሰ። እጁ ንጹሕ ነው ይሉታል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ብዙ ያያል፤ ትንሽ ይናገራል።

የገንዳው ምርጫ ግን ብዙ አስወራ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐጅ ኢሳ ስልካቸውን ለሰፍዋን ዘረጉለት።

«ይኸን ይመስላል። ገዳሪፍ አንድ ወዳጄ ቤት አይቼው ዓይኔ ላይ ቀርቷል። እንቁላል ነው ቅርጹ፤ አራት ወርቃማ እግር አለው። ግድግዳ አይደገፍ፣ ምን አይደገፍ፤ መሐል ቤት ላይ ብቻውን ይቆማል።»

«እግር ካለው ሥሩን ማን ሊጠርገው ነው?» አሉ ሙባረካ። «ጥግ የሚገባው ይሻላል፤ ይኸ እንደ ዛጎል የተከፈተው። የጎንደሮቹ ሲመጡ ያዩታል።»

የጎንደሮቹ ማለት ሩፊዳን ለልጃቸው ሊጠይቁ ያሰቡ የጨርቅ ነጋዴ ቤተሰቦች ናቸው።

«እንግዳ ባኞ ቤት ምን ሊሠራ ይገባል?»

«እጁን አይታጠብም?»

«እጁን ገንዳ ውስጥ ገብቶ ነው የሚታጠበው?»

ሰፍዋን ስልኩን በሁለት እጁ መለሰላቸው። «ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝና፣ የምንመርጠው ለሚያየው ሰው ነው ወይስ ለሚታጠበው?»

መጋረጃው ጀርባ ሩፊዳ ሳታስበው ሳቀች። ሰፍዋን ቀና አለ። መጋረጃው ስስ ነበር። ሁለቱም ቶሎ ዓይናቸውን ሰበሩ፤ ግን ዘግይተው ነበር።

ሰፍዋን ያስረዳው እንዲህ ነው። እግር ያለው ገንዳ ጠርዙ ከጉልበት በላይ ነው፤ እግራቸውን የማያነሱ ሰው አይሻገሩትም። የዛጎሉ ሰፊ ነው፤ የሚደገፉበት የለውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ርዝመቱ። ገንዳ ከሰውየው ከረዘመ እግር የሚቆምበት ያጣል፤ ጉልበት የሌለው ሰው ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይንሸራተታል። ስለዚህ ከብሎኬት ይገንባ። ዝቅ ያለ፣ ጠርዙ ተቀምጠውበት እግር የሚያዞሩበት ሰፊ፣ ጀርባው ተዳፋት፣ ማዕዘኑ ሁሉ የተድበለበለ። ርዝመቱ በእሳቸው ልክ።

«ወርቃማ እግር ብዬህ የከብት ማጠጫ ልትሠራልኝ ነው?» አሉ ሐጅ ኢሳ።

«ያማረ የከብት ማጠጫ አደርገዋለሁ፣ ሐጂ።»

ሐጅ ኢሳ ሊስቁ ፈለጉ፤ እህታቸው እያዩአቸው ስለነበር ተዉት። «ኸላስ፣ ሥራው። ካላማረኝ ራስህ ታፈርሰዋለህ።»

ሩፊዳ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በረዶ ያለው ከርከዴ ይዛ ባኞ ቤቱ ደጃፍ ላይ ታስቀምጣለች። ብርጭቆው ባዶውን ሲመለስ ሥሩ ከሴራሚክ ካርቶን የተቀደደ ቁራጭ ይኖራል። የመጀመሪያዎቹ የሥራ ነበሩ። «ውሃ ስንት ሰዓት ይመጣል?» ብሎ ይጽፋል። «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ከመጣ» ብላ ትመልሳለች። በአምስተኛው ቀን «ነጩን ሴራሚክ ትወጃለሽ ወይስ አረንጓዴውን?» አለ። «እናቴ አረንጓዴ ትወዳለች» አለች። በማግሥቱ ብርጭቆው ሥር ያለው ካርቶን ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር።

«የጠየቅሁት አንቺን ነው።»

ያን ቁራጭ ቀሚሶቿ መሐል ደበቀችው። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ምን እንደምትፈልግ ሰው ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነበር። የደስታውን ያህል ፈራች።

የልኩ ካርቶን የመጣው ሰኞ ነው። «የእናትሽ ልክ ያስፈልገኛል። የትከሻቸው ስፋት፣ ከወገባቸው እስከ ተረከዛቸው፣ ከራሳቸው እስከ ተረከዛቸው። በሜትር አትለኪያቸው፤ ብረቱ ሲጠቀለል ይጮሃል፣ ይነቃሉ። በሲባጎ ይሁን። ቋጥሪው።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። እሱ አያውቅም። እሷ ታውቃለች። አያቷ የሞቱ ለት አክስቷ ሙባረካ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሲለኩ አይታለች። «ይኸ በእኛ ዘንድ አይሆንም» ብላ ልትጽፍለት እስክርቢቶ አነሳች። ግን በሌላ ነገር ልለካ ብትል የሚመጣላት አልነበረም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጠየቃትን ልትከለክለው አልፈለገችም። ቀትር ላይ እናቷ ሲያንቀላፉ ሲባጎውን በአንሶላው ላይ ዘረጋችው። ሦስተኛውን ቋጠሮ ስትቋጥር፣ የሰው ነገር እንደ ሰረቀ ሰው ወደ በሩ ዞር ብላ አየች።

* * *

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ» ያለው ለዚህ ነው።

«አንተ» አሉ ሐጅ ኢሳ። «እሷ የተኛችበት ክፍል ገብተህ።»

ሩፊዳ የባሰው ይኸኛው መሆኑን ገና አሁን አሰበች። ባዕድ ወንድ፣ የታመመች ሴት መኝታ ቤት። ሰፍዋንም ያሰበው አሁን ነው፤ ፊቱ ላይ አየችው። አንድ ጊዜ ወደ እሷ ተመለከተ። ከዚያ መሬት መሬት አየ።

«አዎን» አለ።

«ሰው ሲለካ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም?»

«በእኛ አገር በሸምበቆ ነው የሚለካው፣ ሐጂ። ሲባጎ መሆኑን አላወቅሁም። ለገንዳው ብዬ ነው። አውፍ በሉኝ።»

«ሳሉግ!» አሉ ሙባረካ። «ማጭድ ያስቀመጠ ሁሉ ሰው የሆነ ይመስለዋል። ደግሞ ሐጂ ይላል።»

ሐጅ ኢሳ ሲባጎውን ጠቅልለው ጀለቢያቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት፤ እንዲህ ያለ ነገር ዝም ተብሎ አይጣልም።

«ኸላስ። ዕቃህን ሰብስብ።»

እስኪሰበስብ ድረስ ሩፊዳ እዚያው ቆማለች። መዶሻው ባልዲ ውስጥ ሲገባ፣ ውሃ ልኩ በጨርቅ ሲጠቀለል፣ ሁሉንም ሰማች። በኮሪደሩ ሲያልፍ ትንፋሹ ተሰማት። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሃያ ሦስት ይላል። ስምንት ደቂቃ። አንድ ቃል ለማውጣት ስምንት ደቂቃ ነበራት።

ሰርቪሱን ስታስቀምጥ በረዶው ሁሉ ሟሙቶ ነበር። የጠጣው ሰው የለም።

* * *

ደብዳቤውን ያገኘችው ዓርብ ጠዋት፣ የሲሚንቶውን አቧራ ስትጠርግ ነው። ባልተጠናቀቀው ገንዳ ሥር፣ ቧንቧው ከግድግዳው በሚወጣበት ክፍተት ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። እዚያ እጅ የሚሰደው የሚያጸዳ ሰው ብቻ ነው፤ ይህንንም አስቦበታል።

«ሩፊዳ፣

አልተቀየምኩሽም ብል ውሸት ይሆናል። ሰዓቱን ስታዪ አየሁሽ። ከአባትሽ ልትጣዪ እንደማትችዪ ይገባኛል፤ እኔም የሰው ቤት ላፈርስ አልመጣሁም። ግን አንድ ቃል ጠብቄ ነበር። ‹እኔ ነኝ› እንድትዪ አልፈለግሁም፤ ያንን እኔ ብዬዋለሁ። ‹እሱ አይደለም› ብትዪ ይበቃኝ ነበር። ‹ውሸቱን ነው› ብትዪ ደስ ይለኝ ነበር።

ገንዳው የቀረው ትንሽ ነው። ሌላ ሠራተኛ ቢመጣ የጀርባውን ተዳፋት እንዳያቃናው ንገሪው። ርዝመቱን እንዳይነካው። እግራቸው ጫፉን ማግኘት አለበት።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ አብደራፊ እሄዳለሁ። ሆቴል እየተሠራ ነው።

አረንጓዴ ወይም ነጭ አላልሽኝም።»

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሸካራ ነበር፤ ገና ሴራሚክ አልለበሰም። ጀርባዋን ተዳፋቱ ላይ ጣል አደረገችው። እናቷ የሚደገፉበት ቦታ ነው። በራሷ ውሸት ልክ የተሠራ መስሎ ተሰማትና ተነስታ ወጣች።

ሦስት ቀን አባቷ ፊት ቀረበች፤ ሦስት ቀን ምግብ አቅርባ ተመለሰች። እናቷን ስታጥብ ጀርባቸው ላይ አዲስ ቁስል አየች። እናቷ በግራ እጃቸው ጉንጯን ዳሰሱ፤ ቃል አልወጣቸውም። ሩፊዳ ምን እንዳሉ ያልገባት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

* * *

ሐጅ ኢሳ ሰፍዋንን ባባረሩ ማታውን ጎንደር ደውለው ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ በሩ ላይ ቆመ። አራት ሸክመኛ እንቁላሉን ገንዳ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ አወረዱት። ሰፈሩ ወጣ። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ነጩ ፀሐይዋን መልሶ ሰው ዓይን ላይ ጣላት፤ አራቱ እግሮች እንደ አንበሳ መዳፍ ናቸው፤ ወርቅ ቀለም።

«ይኸውላችሁ» አሉ ሙባረካ ለጎረቤቶቹ። «የከብት ማጠጫ ሊያደርጉብን ነበር።»

ሸክመኞቹ ባኞ ቤቱ መሐል ላይ አቆሙት፤ ግድግዳው ሥር ከቀረው ያልተጠናቀቀ ገንዳ ፊት ለፊት። ቧንቧ ገና አልተገጠመለትም። ሐጅ ኢሳ ግን ሊጠብቁ አልቻሉም፤ ስድስት ወር ጠብቀዋል። ውሃ በጄሪካን ተሞላ። ማሞቅ አላስፈለገም፤ የዚያን ሰሞን ውሃ ራሱ ሞቅ ብሎ ነበር የሚወርደው። ሩፊዳና ሙባረካ ወይዘሮ ዋሲላን ስስ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ በክንዳቸው ተሸክመው አስገቧቸው። ሐጅ ኢሳ በሩን ዘግተው ውጭ ቆሙ።

ጠርዙን ለማሻገር ሙባረካ ሁለት ጊዜ አረፉ። በሦስተኛው ወይዘሮ ዋሲላ ውሃው ውስጥ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ተፈትቶ አያውቅም። ሙባረካ ወገባቸውን ሊያቀኑ እጃቸውን ለቀቁ። ሩፊዳም ሳሙናውን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

ወይዘሮ ዋሲላ እግራቸውን ዘረጉ። ደህናው ግራ እግራቸው የሚቆምበት ፈለገ፤ ገንዳው ሄደ፣ ሄደ፣ ጫፉ አልተገኘም። ጀርባቸው ቀስ ብሎ ተንሸራተተ። ውሃው አንገታቸው ላይ ደረሰ፤ አገጫቸው ላይ፤ አፋቸው ላይ። ድምፅ አላሰሙም። ሩፊዳ ቀና ስትል ከውሃው በላይ ያየችው ዓይናቸውን ብቻ ነበር። ክፍት ነበር፤ እሷን ያያል።

ከነቀሚሷ ገባች። በብብታቸው ሥር እጇን ሰደደችና አቅፋ አወጣቻቸው፤ ራሷ ከኋላቸው ተቀምጣ በደረቷ ደገፈቻቸው። እናቷ ሳሉ፤ ውሃ ተፉ፤ ተነፈሱ። ሙባረካ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ። በሩ ይንኳኳል።

«ምንድን ነው? ሩፊዳ፣ ምን ሆነች?»

ሩፊዳ የእናቷን ልብ በመዳፏ ሥር ትሰማለች። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ለበሩ ነው።

«እኔ ነኝ የለካኋት።»

ማንኳኳቱ ቆመ።

«ሰፍዋን አይደለም። የክፍሏን ደጃፍ አልረገጠም። እሱ የሲባጎን ነገር አያውቅም ነበር፤ እኔ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ለካኋት። ሐሙስ ለትም እያወቅሁ ዝም አልኩ። እግሯ ጫፉን ካላገኘ ትሰምጣለች ብሏችሁ ነበር።»

«ዝም በይ አንቺ ልጅ» አሉ ሙባረካ በሹክሹክታ። «አሁን አይደለም።»

«አሁን ነው። ጽፎልኛል፤ ጽፌለታለሁ። የጎንደሮቹ ቢመጡ እሺ አልልም። እናቴን ሊያድን የሠራውን ሰው እኔ አስባረርኩት።»

ያን ጊዜ ወይዘሮ ዋሲላ በልጃቸው ደረት ላይ እንደተደገፉ ተናገሩ። ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል ከሩቅ ጉድጓድ እንደሚቀዱ ሁሉ።

«ምን አለች?» አሉ ሙባረካ።

ሩፊዳ ሰምታለች። ግን ለመናገር አልሆነላትም። እናቷ ደገሙት፤ አሁን ድምፃቸውን ወደ በሩ አድርገው።

«ነቅቼ ነበር። እንዳታሳጥረኝ… እግሬን ዘረጋሁላት።»

ሐጅ ኢሳ በሩ ጀርባ መሬት ላይ ሲቀመጡ ሰሙ። ጀርባቸው በሩን ተደገፈ፤ ሳንቃው ተንቀሳቀሰ። ስድስት ወር ሙሉ አስተርጓሚ የፈለጉ ሰው፣ ያን ቃል ማንም ሳይነግራቸው ሰሙት።

«በጣም ዘረጋሽ፣ ዋሲል?» አሉ፤ ድምፃቸው የሳቀም ያለቀሰም ሰው ድምፅ ነበር።

«እስኪበቃኝ» አሉ ወይዘሮ ዋሲላ።

ሙባረካ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሩፊዳ እናቷን አቅፋ፣ ወርቃማ እግር ባለው ገንዳ ውስጥ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠች። ለሦስት ቀን ያልመጣው እንባ ሁሉ ያኔ መጣ።

* * *

ሐጅ ኢሳ ኮፊያቸውን አድርገው በባጃጅ ወጡ። ሰፍዋንን ያገኙት የተከራያት ክፍል ደጃፍ ላይ ባልዲውን በገመድ ሲያስር ነው። የተባባሉትን ሩፊዳ የሰማችው ኋላ ከራሱ ከሰፍዋን ነው።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሥራ ጀምሮ የሚሄድ ሰው አልወድም።»

«እርስዎ አይደሉም ያባረሩኝ፣ ሐጂ?»

«አባረርኩህ። አሁን ደግሞ ና እያልኩህ ነው።» ሲባጎውን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። «በዚህ ልክ ጨርሰው።»

ሰፍዋን ሲባጎውን አየና «ሌላውስ ነገር?» አለ።

«ሌላው ገንዳው ሲያልቅ ነው» አሉ ሐጅ ኢሳ። «መጀመሪያ ሥራህን ልይ።»

ሲገባ ሩፊዳ ባኞ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። በዚህ አራት ቀን ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ሐሙስ ለት ያላየችውን ፊት አሁን ቀጥ ብላ አየችው።

«እሱ አይደለም አልኳቸው» አለች።

«ሰማሁ።»

«ዘገየሁ።»

የለም፣ አልዘገየሽም እንዲላት ጠበቀች። ሰፍዋን ግን ያልሆነ ነገር ለማጽናናት ብሎ የሚናገር ሰው አይደለም።

«ዘገየሽ» አለ። ባልዲውን አስቀመጠ። «አረንጓዴ ነው ወይስ ነጭ?»

«አረንጓዴ።»

«የእናትሽ ነው ወይስ ያንቺ?»

«የእኔም ነው» አለች።

ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በአሥረኛው ቀን ሐጅ ኢሳ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ አረንጓዴውን ጠርዝ በእጃቸው ዳሰሱ፤ ማዕዘን ፈልገው አጡ። እህታቸውን ጠርተው ወጡ። ሙባረካ ወይዘሮ ዋሲላን ጠርዙ ላይ አስቀመጡ፤ ሩፊዳ እግራቸውን በእጇ አዞረች፤ ያለ ድካም ገቡ። ጀርባቸው ተዳፋቱ ላይ አረፈ። ግራ እግራቸውን ዘረጉ፤ ትንሽ፣ ሌላም ትንሽ። ተረከዛቸው ጫፉን አገኘ።

ሰፍዋን ግቢው ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር። ወይዘሮ ዋሲላ ያውቁ ነበር። በተረከዛቸው የገንዳውን ጫፍ መቱት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ውጭ እስኪሰማ። ሩፊዳ በመስኮቱ ስታይ ሰፍዋን አንገቱን ደፍቷል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ወጥታ አጠገቡ ለመቀመጥ ገና መብት አልነበራትም። መስኮቱን ከፍታ ተወችው።

* * *

የሩፊዳና የሰፍዋን ኒካ ሐምሌ 13 ቀን ታሰረ፤ ወይዘሮ ዋሲላ አልጋቸው ሳሎን ወጥቶላቸው ነበር። ወርቃማ እግር ያለው ገንዳ ወደ ግቢው ተወሰደ፤ ቧንቧ በሚጠፋበት ሳምንት ውሃ ይጠራቀምበታል፤ ጎረቤትም ይቀዳበታል። ሲባጎውን ማቃጠልም መጣልም ስለማይሆን ሙባረካ ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ወይዘሮ ዋሲላ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ዓርብ ጠዋት ሞቱ። ቆፋሪዎቹ ልክ ሲያስጠይቁ ሙባረካ ሳጥናቸውን ከፈቱና ሲባጎውን ሰጡ፤ እንደገና የለካቸው የለም። ሰፍዋን አማች ነውና መቃብሩ ውስጥ ወርደው ከተቀበሏቸው አንዱ እሱ ነበር። በእግራቸው በኩል፣ ያኔ የዘረጉትን ያህል፣ አራት ጣት ተርፎ ነበር።